ቅጹ ተሞልቷል፤ መልሱስ የት ደረሰ?

ባለፈው ዓመት ሰኔ አጋማሽ ላይ ለሌላ ዘገባ ወደ አንድ በቆሎ አብቃይ ወረዳ ወርጄ ነበር። የሄድኩበት ጉዳይ የአፈር ማዳበሪያ ሥርጭት ነበር፤ ይዤው የተመለስኩት ግን ሌላ ነው። ከቀበሌው ማዕከል ወደ መንደሩ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት እማወራ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ የበቆሎ ቅጠል እየፈለቀቁ ተምች ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ማሳው ሦስት ጥማድ ነው። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ ግን ወንፊት ሆኗል። የተለቀመው ተምች ከአሮጌ ጀሪካን ተቆርጦ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ትንሹ ልጅ ይቆጥራል።

«ለወረዳ ካመለከትን ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው» አሉኝ። «ትናንት መልስ መጣ። መድኃኒቱ የለም ተባለ። የለም ከሆነስ ያኔውኑ አይነግሩንም ነበር ወይ? እኛ እኮ ይመጣል ብለን እጃችንን አጣጥፈን ነው የጠበቅነው።»

ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያደረገኝ የእሳቸው ንግግር ነው። ቅሬታቸው መድኃኒቱ መጥፋቱ ላይ አልነበረም። መድኃኒት እንደሚጠፋ ያውቃሉ፤ አርሶ አደር ናቸው፣ ያልጠፋባቸው ነገር የለም። ያሳዘናቸው አለመኖሩን ለማወቅ አሥር ቀን መፍጀቱ ነው።

በማግስቱና በተከታዩ ሳምንት ጥያቄው የሄደበትን መንገድ ተከትዬ አየሁት። እማወራዋ ተምቹን ያዩት ረቡዕ ጠዋት ነው። የቀበሌዋ የሰብል ልማት ሠራተኛ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማሳው ድረስ ሄዳ አየች፤ ለወረዳው ባለሙያ ደወለች። «በጽሑፍ አቅርቢ፣ የቀበሌው ማኅተም ይረፍበት» ተባለች። ማኅተሙ በቀበሌው ሥራ አስኪያጅ እጅ ነው፤ ሐሙስ ገበያ ነበርና ሥራ አስኪያጁ አልተገኙም። ዓርብ ማኅተሙ ተመታ፤ ልማት ሠራተኛዋ ከኪሷ ባጃጅ ከፍላ ደብዳቤውን ወረዳ አደረሰች። መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ወጣለት፤ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቀረበ። ኃላፊው ዞን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማክሰኞ ተመለሱ፤ ረቡዕ «ለአስፈላጊው ሁሉ» ተብሎ ለሰብል ጥበቃ ቡድን ተመራ። ቡድን መሪው ሐሙስ አዩት። የኬሚካሉን ክምችት የሚያውቀው ሌላ የሥራ ክፍል ስለሆነ እዚያ ጠየቁ፤ ዓርብ መልሱ በስልክ ወደ ቀበሌ ወረደ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ሰነፍ ሰው አላገኘሁም። ልማት ሠራተኛዋ በዕለቱ ማሳ ወርዳለች። መዝገብ ቤቷ በዕለቱ መዝግባለች። ኃላፊው በተመለሱ ማግስት መርተዋል፤ ቡድን መሪውም በማግስቱ አይተዋል። እያንዳንዱ ሰው ቢጠየቅ «እኔ ዘንድ አንድ ቀን ነው ያደረው» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ተምቹ ግን የቢሮውን ሰዓት አይጠብቅም። የአሜሪካ መጤ ተምች የምንለው ተባይ ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቆሎ ባለበት ሁሉ አርሶ አደሩ ያውቀዋል። እንቁላሉ በሞቃት አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ በትልነት የሚቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ስለሚቆይ በእጅም ይለቀማል፣ በርጭትም ይሞታል። ካደገ በኋላ ግን በቅጠሎቹ መካከል ወዳለው እምብርት ገብቶ ይሸሸጋል፤ በላዩም እንደ መጋዝ ብናኝ ያለ ኩስ ይከምርበታል። ያኔ መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ እሱ ዘንድ መድረሱ ያጠራጥራል። እንግዲህ አሥር ቀን ማለት ለዚህ ተባይ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። እማወራዋ በሁለተኛው ቀን «የለም» ቢባሉ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ከነልጆቻቸው ለቀማ ይጀምሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ተምቹ ሲገባ ኬሚካል ባልደረሰባቸው ቦታዎች ብዙ አርሶ አደር ማሳውን ያተረፈው በእጅ ለቀማ አልነበረም ወይ?

ዘንድሮ ያው ጽሕፈት ቤት «ችግሩን ፈትተነዋል» ብሎ ጠራኝ። የወረዳው ሁለት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ለግብዓትና ሰብል ጥበቃ የሥራ ክፍል የውስጥ ድረ ገጽ ሠርተውለታል፤ በድረ ገጹም ላይ የመጠየቂያ ቅጽ አለ። ቀበሌ ጥያቄውን በቅጹ ይልካል፤ የሥራ ክፍሉ በኮምፒውተሩ ያየዋል። ወረቀት የለም፣ ባጃጅ የለም፣ መዝገብ ቤት የለም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ወጣቶቹንም ያለ ተጨማሪ በጀት፣ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ይህን በመሥራታቸው ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ገጹን ከፍቼ ቅጹን ራሴ ስሞላው ባለፈው ዓመት ያየሁት መንገድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ገጹ ሲከፈት የሚቀድመው የጽሕፈት ቤቱ ራዕይ ነው፤ ቀጥሎ ተልዕኮ፣ ቀጥሎ እሴቶች፣ ቀጥሎ የኃላፊው መልዕክት። የመጠየቂያ ቅጹ ከታች፣ ወደ ጎን ተገፍቶ ነው የሚገኘው። ቅጹ 31 ቦታዎች አሉት። ከግማሽ በላዩ በእንግሊዝኛ ነው። የጠያቂው ኢሜይል ካልተሞላ አልፎ አይሄድም። «የጥያቄው ዓላማ»፣ «የሚጠበቅ ውጤት»፣ «ከስትራቴጂክ ዕቅዱ ጋር ያለው ትስስር» የሚሉ ቦታዎችም አሉ። አንዲት ልማት ሠራተኛ በተምች የተወረረ ማሳ ዳር ቆማ፣ ባትሪዋ ሊያልቅ በደረሰ ስልክ፣ ተምቹ ከስትራቴጂክ ዕቅዱ ጋር ያለውን ትስስር ልትጽፍ ነው! ሰዓት ይዤ ሞላሁት፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሻይ ቀርቦልኝ፣ 22 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሞልቼ ስልከው «ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» አለኝ። ለማን? መቼ ይመለሳል? ቁጥሩስ? አይልም። ቡድን መሪውን ጠየቅኳቸው። «እኛ ጋ ይገባል፣ ጊዜ ስናገኝ እናየዋለን» አሉኝ።

በዕለቱ ያችን ልማት ሠራተኛም አገኘኋት። ቅጹን ትጠቀሚበታለሽ ወይ ስላት ሳቀች። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። ገጾቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል፤ ስድስት ዓምድ ነው፦ ቀን፣ ስም፣ ጎጥ፣ የጠየቁት፣ ለማን ነገርኩ፣ መልስ። ይኸው ነው። በየመስመሩ አንድ አርሶ አደር አለ። የ«መልስ» ዓምድ ላይ አልፎ አልፎ «መጥተው አይተዋል» ይላል፤ በብዙው ቦታ «ደውያለሁ፣ አልተነሣም» ይላል፤ ባዶም አለ። ባዶውን ለምን ተውሽው ስላት «መልሱ ሲመጣ እሞላዋለሁ ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔ የማስበው የገጹ ሠሪዎች ኮምፒውተር ከመክፈታቸው በፊት ይህን ደብተር ቢያዩ ኖሮ ሥራቸው ግማሽ በግማሽ ያልቅ እንደነበር ነው። ደብተሩ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ቅጹ ውስጥ የሌለ። አንደኛው «ለማን ነገርኩ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «መልስ» የሚለው ነው። ቅጹ ጥያቄውን ወደ ላይ ለመላክ ብቻ ነው የተሠራው። አገራችን በዚህ ረገድ የቆየ ልማድ አላት። በ1990ዎቹ ማጠናቀቂያ ወረዳ ኔት ተዘርግቶ ወረዳዎች በቪዲዮ ኮንፈረንስ ከላይ አካላት ጋር ሲገናኙ፣ በብዙ ቦታ የነበረው ልምድ ከላይ መመሪያ መስማትና ከታች ሪፖርት ማቅረብ ነበር። 8028 ላይ የሚደውል አርሶ አደር ደግሞ የግብርና ምክር ያገኛል፤ ምክሩም ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን «ጥያቄህ እገሌ ዘንድ ደርሷል፣ በዚህ ቀን መልስ ታገኛለህ» የሚለው ወረዳው ብቻ ነው፤ ወረዳውም እስካሁን አላለውም።

ስለዚህ የሥራ ክፍሉን ገጽ እንደገና ለመሥራት ለሚነሣ ሰው አንድ ነገር እላለሁ፤ ከመልሱ ጀምሩ። ጥያቄው ሲላክ ቁጥር ይውጣለት። ቁጥሩ ከመዝገብ ቤት ቁጥር የተለየ ምስጢር የለውም፤ አርሶ አደሩ በቃሉ ይዞት የሚሄድ አጭር ቁጥር ይሁን። ከቁጥሩ ጋር ጥያቄው የደረሰው ባለሙያ ስምና ስልክ ይመለስ፤ «የሥራ ክፍሉ» የሚባል ሰው የለምና። ቀጥሎ ጥያቄው ያለበት ደረጃ ይታይ፦ ደርሷል፣ ታይቷል፣ ተፈቅዷል፣ ወጥቷል፤ ወይም የለም። ይህችን «የለም» የምትል ቁልፍ ሠሪዎቹ እንዳይረሷት አደራ እላለሁ። ባለሥልጣናት «የለም» ማለትን እንደ ውድቀት ስለሚያዩት ጥያቄውን በእንጥልጥል ማቆየት ይመርጣሉ። ለአርሶ አደሩ ግን በጊዜ የመጣ «የለም» ዘግይቶ ከመጣ «ተፈቅዷል» ይበልጥበታል። ከነጋዴ መግዛት፣ ከጎረቤት መበደር፣ ደቦ ጠርቶ መልቀም፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወረዳው እንደማይደርስለት ሲያውቅ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅጹ ልመለስ፤ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ሥራውን እንዴት እንደሚያበላሹት ቢሮ ላለ ሰው ቶሎ አይታየውምና።

ቀኑን እንውሰድ። የተሠራው ቅጽ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ልማት ሠራተኛዋ ጥቅምት 30 ቀን ያየችውን በሽታ 30/2 ብላ ብታስገባ ቅጹ አይቀበላትም፤ በእሱ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቀውም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ይህ እንኳ ይሻላል፤ እምቢ ስላለ ስህተቱ ይታወቃል። የከፋው ሲቀበል ነው። ሰኔ 10 ቀን 2018ን 10/10/2018 ብላ ብታስገባ ያለ ማንገራገር ይቀበላታል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በጥቅምት መጀመሪያ የቀረበ ጥያቄ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ኃላፊው «በዚህ ሳምንት የመጡ ጥያቄዎች» ብለው ሲፈልጉ አያገኙትም። በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ የቀን መምረጫ መሥራት ለባለሙያ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ከዚያም የሚቀለው የማስገቢያውን ቀን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ በብዙኃን ኃ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። የቀበሌና የጎጥ ስም በየጊዜው በእጅ የሚጻፍ ከሆነ አንዱ ቀበሌ በመዝገቡ አራት ቀበሌ ይሆናል። ይህን ያየሁት በዚሁ ወረዳ ነው፤ የቀበሌዎቹ ቁጥር በገጹ ላይ ከእውነተኛው በእጥፍ ይበልጥ ነበር! መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቀበሌና የጎጥ ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ፣ ሰው ደግሞ በስሙ ሳይሆን በስልኩ ወይም በመታወቂያ ቁጥሩ ይፈለግ። ስልክ የሌለው አርሶ አደር እንዳለ ግን አይረሳ፤ የብዙ እናቶች ጥያቄ የሚመጣው በልጃቸው ወይም በጎረቤታቸው ስልክ ነው። ስልኩን ግዴታ አድርጎ እነሱን ከቅጹ ማስወጣት አይገባም።

መጠኑስ? ቅጹ መሬቱን በሄክታር ይጠይቃል፤ አርሶ አደሩ በጥማድ ይናገራል። በአካባቢያችን አራት ጥማድ ለአንድ ሄክታር ይያዛል፤ ነገር ግን ይህን ማካፈል ያለበት ኮምፒውተሩ ነው እንጂ ማሳ ዳር የቆመች ልማት ሠራተኛ አይደለችም። ማስላት የተፈጠረበትን ማሽን አስቀምጠን ሰውን ስናሰላ መዋላችን ይገርመኛል።

ቋንቋውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የወረዳው የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ቅጹም አማርኛ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ጽሕፈት ፕሮግራሞች የተተየቡ የቆዩ የስም ዝርዝሮች እንዳሉ ወደ ገጹ ሲገለበጡ ትርጉም የሌለው የፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ባለሙያዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ኃላፊዎች ግን «ዝርዝሩ እኮ አለ፣ አስገቡት» ሲሉ የሥራውን ክብደት አይረዱም። ለመቀየሪያ ጊዜ ስጧቸው።

ትልቁ ጥያቄ የኔትወርክ ነው። አሁን የተሠራው ገጽ የተቀመጠው በጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት በገመድና በዋይፋይ ይከፍቱታል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ለቢሮው ሥራ ጥሩ ነው። ቀበሌ ላይ ያለችው ግን አታገኘውም። መጀመሪያ ሲሠራ ይህ አልታሰበም ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ «ወረዳ ሲመጡ ይሞሉታል» የሚል መልስ ሰጡኝ። ባጃጁ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በሜዳ ላይ ካለ ኔትወርክ ተሞልቶ፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ የሚላክ ቅጽ አዲስ ነገር አይደለም። በየወረዳው የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች መረጃ የሚሰበስቡባቸው እንደ ኮቦና ኦዲኬ ያሉ መሣሪያዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ያለ ክፍያ መጀመርም ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በወረረን ጊዜም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በስልክ የሚሞላ የአንበጣ መከታተያ ለአገሮች አቅርቦ ነበር፤ መንጋው የታየበት ቦታ ማሳው ላይ ይመዘገባል፣ ግንኙነት ሲገኝ ይላካል። ስማርት ስልክ የሌላት ልማት ሠራተኛ ደግሞ ትደውል፤ ወረዳው ላይ ስልኩን የሚያነሣ አንድ ሰው ተመድቦ ቅጹን እሱ ይሙላላት፣ ቁጥሩን እዚያው ይንገራት። ይህ ምንም ቴክኖሎጂ የለበትም፤ የተመደበ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

በተግባር ዛሬ ሥራው የሚሠራው በቴሌግራም ነው። የወረዳው የሰብል ጥበቃ ቡድን አለው፤ የተምቹም፣ የዋጉም ፎቶ እዚያ ይለጠፋል። ለፍጥነቱ ማን ብሎት! ችግሩ ፎቶው ከተለጠፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ የበዓል መልካም ምኞትና የስብሰባ ጥሪ ይከመርበትና ይጠፋል። ማን አየው፣ ማን ወሰደው፣ ማን መለሰ የሚለውን ማንም አይከታተልም። ቢሆንም ሠሪዎቹ ከቴሌግራሙ አንድ ነገር ይማሩ፤ ሰዎቹ የሚጠቀሙበት ሦስት ነገር ብቻ ስለሚጠይቃቸው ነው። ፎቶ፣ ቦታ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ።

ማኅተሙስ የሚለኝ ኃላፊ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእኛ ቢሮ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ማያ ገጽ ላይ ደግሞ ማኅተም አይመታም። ነገር ግን አገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አላት፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አላት። አንድ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ሕጉ መንገድ ከፍቷል። ከዚያም በላይ፣ ለተምች ጥቆማ ማኅተም ለምን ያስፈልጋል? ንብረት ሲወጣ ይፈረም፣ ይታተም፤ ኦዲተሩም ይህን ነው የሚፈልገው። ጥቆማ ግን ንብረት አይደለም። ሁለቱን ሳንለይ በአንድ ደብዳቤ ላይ ስለምንጭናቸው ነው ሐሙስ ገበያ ቀን የሚያባክነን።

ከማዳበሪያ ጥያቄ ለምን አንጀምርም የሚሉም አሉ። የሰው ሁሉ ጥያቄ ማዳበሪያ ነውና ሐሳቡ ይገባኛል። እኔ ግን አልስማማም። የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከወቅቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው፤ ግዥው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፣ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት ይከፋፈላል። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት የነበረውን እጥረት ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ያን እጥረት የትኛውም የወረዳ ቅጽ አይፈታውም ነበር። ወረዳው አዲሱን ገጹን ራሱ ሊመልሰው በማይችለው ጥያቄ ቢጀምረው የመጀመሪያው ሺህ ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል፤ አርሶ አደሩም «ይኸም ያው ነው» ብሎ ይተወዋል። ወረዳው በራሱ ባለሙያ፣ በራሱ መጋዘን በሚመልሰው ይጀምር፤ ተባይ፣ የእንስሳት በሽታ፣ የማዳቀል አገልግሎት።

የማዳቀሉን ነገር በተለይ ላንሣው፤ የቀን ጉዳይ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ። ላም ፍላጎቷን የምታሳየው ቢበዛ ለአንድ ቀን ያህል ነው። ጠዋት የታየባት ከሰዓት፣ ማታ የታየባት በማግስቱ ጠዋት እንድትዳቀል ባለሙያዎች ይመክራሉ። ያ ሰዓት ካለፈ 21 ቀን ገደማ መጠበቅ ነው። ለዚህ ደብዳቤ መጻፍ ላሟን መቀለድባት ነው። አዳቃዩ ባለሙያ ዛሬ በየትኛው ቀበሌ እንዳለ፣ ሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ እንዳለው፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ እንዳላለቀ በሥራ ክፍሉ ገጽ ላይ በየጠዋቱ አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ልማት ሠራተኛዋ ለአርሶ አደሩ «ዛሬ አይመጣም፣ ኮርማ ፈልግ» ለማለት ትችላለች። እዚህም ላይ የሚጠቅመው ያው «የለም» ነው።

ከወረዳው ባለሙያዎች የሰማሁት አንድ ስጋት ትክክል ስለሆነ አልዘለውም። «ቅጹን ሞልተን ወረቀቱንም እንሞላለን» ይላሉ። ልማት ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ሪፖርት ታቀርባለች፣ በየወሩ ታቀርባለች፣ ዘመቻ ሲኖር በየቀኑ ታቀርባለች። ገጹ በዚህ ሁሉ ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆኖ ከመጣ በሁለተኛው ወር ትተወዋለች፤ አልፈርድባትም። ጽሕፈት ቤቱ በገጹ የገባ ጥያቄ በወረቀት ሪፖርት ዳግም እንዳይጠየቅ ይወስን፤ ይህን ኃላፊው በአንድ ደብዳቤ ሊያደርጉት ይችላሉ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት የወረቀት መዝገብ ግን ይቀመጥ። መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ለዚህ አንባቢ አልነግረውም።

ሌላው ስጋት በግልጽ አይነገርም፤ በፊት ላይ ግን ይነበባል። ጥያቄው የደረሰበት ቀንና የተመለሰበት ቀን ጎን ለጎን ከተጻፈ ማን እንዳዘገየው ይታወቃል። ቡድን መሪው «ይህ እኮ በእኛ ላይ ማስረጃ ማደራጀት ነው» ብለው ሲስቁ ግማሹ ቁም ነገር ነበር። ነገሩ ግን በሌላም በኩል ይታያል። ባለፈው ዓመት ዘገየ የተባለው የሰብል ጥበቃ ቡድኑ ነበር፤ ደብዳቤው እሳቸው ዘንድ ያደረው አንዲት ሌሊት ነው። ስድስት ቀን ያህል የቆየው ከእሳቸው ጠረጴዛ በፊት ነበር። ቀኖቹ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ በግምገማ ላይ የሚከላከሉበት እሳቸው ነበሩ። ጥያቄውስ ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ለምን ይሄዳል? የተባይ ጥቆማ በቀጥታ ለሰብል ጥበቃ ባለሙያው፣ ግልባጩ ለኃላፊው ይሁን። ይህን ሳይነኩ ደብዳቤውን ወደ ማያ ገጽ ማዛወር ኃላፊው ስብሰባ ሲሄዱ ማያ ገጹም አብሮ ስብሰባ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ሁለት የጥንቃቄ ነገሮች አሉ፤ አጠር አድርጌ ልለፋቸው። የገጹ የይለፍ ቃል በአንድ ባለሙያ እጅ ብቻ መሆን የለበትም፤ ባለሙያ ይዛወራል፣ ዕድገት ያገኛል፣ ይለቃል። በጽሑፍ ታሽጎ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቀመጥ። የአርሶ አደሮቹ ስም፣ ስልክና የመሬት መጠን ደግሞ ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት መሆን የለበትም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአርሶ አደር ስልክ ዝርዝር ለአንዳንድ ነጋዴ ገንዘብ መሆኑን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ለአርሶ አደር አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ጥያቄ ስታቀርቡ ቁጥር ጠይቁ። ልማት ሠራተኛው «ነግሬያለሁ» ሲላችሁ «ለማን? ቁጥሩ ስንት ነው?» በሉት፤ እሱም ወረዳውን እንዲሁ ብሎ የሚጠይቅበት ጉልበት ያገኛል።

ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ወደ ወረዳው ደውዬ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ቅጹን ከ31 ወደ 9 ቦታ አውርደውታል፤ ኢሜይሉን አውጥተውታል፣ የቀበሌዎቹን ዝርዝር አስገብተዋል። የመልሱ ነገር ግን «ከማኔጅመንቱ ውሳኔ ይጠብቃል» አሉኝ፤ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚመልስ የሚወስነው ማኔጅመንቱ ነውና። አሁን ሚያዝያ ነው፤ በቆሎ ሊዘራ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። እማወራዋ ያችኑ ሦስት ጥማድ ዘንድሮም ለበቆሎ አርሰዋታል። ልማት ሠራተኛዋም አዲስ ደብተር ገዝታ ስድስቱን ዓምድ አስምራለች።